የጋዜጣው ጀርባ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አባቱን በስም እንጂ በመልክ አያውቅም። ጥሩነህ ይባላል። አባቱ ዘለቀ ወልደየስ ግንበኛ ነበርና፣ እናቱ ጥሩነህን አርግዛ ሳለች ለድልድይ ሥራ ወደ ቆላ ወረደ። እዚያው ወባ ይዞት ሞተ ተባለ። ሬሳውም ዕቃውም አልመጣም። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ መነሣት የሹምና የሀብታም ነገር ስለነበረ፣ ከዘለቀ ለልጁ የተረፈው ስሙ ብቻ ሆነ። ጥሩነህ በልጅነቱ እናቱን "አባቴ መልኩ ምን ይመስል ነበር?" ሲላት "ሰው ይመስል ነበር" ትለው ነበር። ማልቀስ አትወድም። እሷም ሞታ፣ እሷን የሚያውቁትም ሞተው፣ ጥሩነህ ራሱ ሽበት አወጣ፤ ጥያቄው ግን አላረጀም።

ጥሩነህ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው በአንድ ባለሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ባለሱቁ ወንዳፍራሽ ይባላል። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ነው የሸበቱት። ወንዳፍራሽ ለበረንዳው ኪራይ ጠይቆት አያውቅም፤ ጥሩነህም የወንዳፍራሽን ልጆች ዩኒፎርም በነጻ ይጠግናል። ምሳ ሲመጣ ከማንኛቸውም ቤት ይምጣ አብረው ይበላሉ። ሰው ሲያያቸው ወንድማማች ይላቸዋል።

በዚያች ከተማ ስኳሩም ጨዉም በርበሬውም የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነው። ወንዳፍራሽ ጋዜጣውን ከከተማ በኪሎ ያስመጣል፤ ከባንኮኒው በታች ይቆልለዋል፤ ደንበኛ ሲመጣ አንድ ቅጠል ይመዝዝና እንደ ቀንድ ጠምዝዞ ስኳሩን ይሞላበታል። አንድ ቀን ለአንዲት ሴት ስኳር ሊጠቀልል ጋዜጣውን ካነሣ በኋላ እጁ ባለበት ቀረ።

"ጋሼ፣ ስኳሩስ?" አለችው ሴትየዋ።

"ቆይ እባክሽ፤ አያቴን ልጠቀልልብሽ ነበር" አላት።

እውነቱን ነው። ጋዜጣው ላይ በቆላው ወንዝ ላይ የተሠራ ድልድይ ሲመረቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበረ። በመካከሉ ካባ የደረበ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ይመርቃል። ከሥሩ "የአካባቢው ዳኛ አቶ አጥናፌ" ይላል። ወንዳፍራሽ አያቱን በሕፃንነቱ ያውቃቸዋል፤ በጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ ያውቃል። ደስታው ልክ አጣ። የዚያኑ ዕለት ግማሽ ገጹን በመቀስ ቆርጦ፣ ሚስቱ ባፈላችው የዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፎ፣ መስታወት አስገብቶ ከባንኮኒው በላይ ሰቀለው። ከችኮላው ብዛት ወረቀቱን ገልብጦ እንኳ አላየውም።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ጨው ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ፎቶውን ያያል፤ ዝቅ ብሎ ወንዳፍራሽን ያያል። "ግንባሩን ተመልከቱ" ይላል አንዱ። "አፍንጫውስ፤ ቁርጥ እሳቸው እኮ ነው" ትላለች ሌላዋ። ትናንት በአንድ ሲኒ ዘይት ሲከራከሩት የነበሩ ሰዎች "የዳኛው ልጅ ልጅ" ይሉት ጀመር። እድሩም ጸሐፊ ሲፈልግ እሱን መረጠ። ወንዳፍራሽ ፎቶው ከመገኘቱ በፊትም ሰው አክባሪና ቁም ነገረኛ ነበር፤ ሰው ግን አሁን ያየው ይመስል ነበር።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ከጥሩነህ ጆሮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። መጀመሪያ አብሮ ተደሰተ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። ፎቶውን በምስማር የሰቀለውም እሱ ነበር። ቀን ሲጨመር ግን "ትመስላቸዋለህ" የሚለው ቃል እንደ መርፌ ይወጋው ጀመር። "እሱ እኮ አባቱን ጠግቦ ያየ ሰው ነው" ይላል በልቡ፣ መኪናውን እየረገጠ። "አባቱ እጁን ይዞ ገበያ አውጥቶታል። ሲያጠፋ ገርፎታል። አባቱ ሲሞትም እሱ አፈር አልብሶታል። አሁን ደግሞ አያት ተጨመረለት። እኔን 'እገሌን ትመስላለህ' የሚለኝ አንድ ሰው እንኳ ከምድር ላይ ጠፋ።" እንዲህ ሲያስብ ስፌቱ ይጣመምና የሰው ሱሪ እየፈታ ሲሰፋ ይውላል።

ማታ ቤቱ ሲገባ አይናገርም። ሚስቱ ደብሪቱ ነገሩ ገብቷታል።

"ምነው ዘጋኸኝ? ወጡ ጨው አነሰው?"

"የወንዳፍራሽ አያት ዛሬም እንግዳ ሲቀበሉ ዋሉ።"

"ታዲያ አንተን ምን ቸገረህ? የሞተ ሰው እራት አይሻማህም።"

"አንቺ አባትሽን ታውቂያለሽ" አላት።

በመጨረሻ ጥሩነህ አንድ ነገር ወሰነ። "የሱ አያት ከመጠቅለያ ውስጥ ከወጡ የእኔ አባት የማይወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? አባቴም የሠራው ድልድይ ነው" አለ። ወንዳፍራሽን ጋዜጦቹ ለመጠቅለያ ከመቀደዳቸው በፊት እንዲያያቸው ለመነው። ወንዳፍራሽም በደስታ ፈቀደለት። እንዲያውም አዲስ ቁልል በመጣ ቁጥር እሱ ሳያይ አንድ ቅጠል አይነካም፤ ደንበኛ ስኳሩን በፌስታል ይውሰድ እስከማለት ደረሰ። ጥሩነህ ክረምቱን ሙሉ ከስፌት በተረፈው ሰዓት መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ቅጠል ሲገልጥ ከረመ። የኳስ ቡድን አየ፤ ሙሽሮች አየ፤ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አየ፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ትክ ብለው አዩት። ሁሉም የሰው አባት ናቸው፤ የእሱ ግን አልነበሩም።

አንድ ቀን "ዘለቀ" የሚል ስም አገኘ። "አገኘሁት" ብሎ ተነሣ፤ በረንዳው ላይ የነበረው ሁሉ ከበበው። ወንዳፍራሽ መነጽሩን ተቀብሎ ሲያነበው፣ ጽሑፉ በአንድ የከብት ትርኢት ላይ አንደኛ ስለወጣው የአቶ ዘለቀ በሬ ነበረ። ባለቤቱ ደግሞ የሌላ አገር ሰው ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው በሬው ብቻ ሲሆን፣ ከሰውየው ገመዱን የያዘች እጁ ብቻ ገብታለች።

ባለ ጋሪው ሽብሩ ቀልድ ካገኘ የሚያልፍ ሰው አይደለም። "እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ ጥሩነህ" አለ። "ግንባሩ ራሱ እርስዎ ነው። ቀንዱ ብቻ ነው የጎደለዎት።"

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ጥሩነህ ቀና ሲል ወንዳፍራሽም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲስቅ አየው። ወንዳፍራሽ ወዲያው ሳቁን ዋጠና "አይዞህ፣ የፊታችን ሳምንት ሌላ ቁልል ይመጣል" አለው። ጥሩነህን ከሳቁ ይልቅ ያቃጠለው ይህ ማጽናናት ነው። ያለው ሰው የሌለውን ሲያጽናና፣ የሌለው ሰው የሚሰማው "እኔ አለኝ" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋዜጣ መግለጡን ተወ። ዓይኑ ግን ከባንኮኒው በላይ ካለው መስታወት አልነሣ አለ።

አንድ የገበያ ቀን ወንዳፍራሽ ቀብር ነበረበት። "ሱቁን አደራ፤ ደንበኛ እንዳይመለስብኝ" ብሎት ሄደ። ጥሩነህ ከባንኮኒው ኋላ ገብቶ ሲሸጥ ቆየ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ጭር ሲል፣ ከሽማግሌው ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ጥሩነህ መስታወቱን አወረደ። የኋላውን ምስማሮች አጣምሞ ካርቶኑን አወጣ። ከኪሱ ስፌት የሚፈታበትን ምላጭ አውጥቶ፣ ስሙኒ የምታህለውን የሽማግሌውን ፊት ዙሪያዋን ቆርጦ ከነካርቶኗ ፈለቀቃት። በረንዳው ላይ የከሰል ካውያው ግሎ ይጠብቀው ነበር። ክዳኑን ከፍቶ ፊቷን ከፍሙ ላይ ጣላት፤ ቡፍ ብላ ጠፋች። ፎቶውን ወደ ቦታው መልሶ ሰቀለና የአንድ መምህር ሱሪ መተኮስ ጀመረ።

ወንዳፍራሽ ከቀብር ሲመለስ ያየው አንገት እንጂ ፊት የሌላቸውን አያቱን ነበር። ብዙ ቆሞ አየ።

"ጥሩነህ፣ ዛሬ ማን ማን ገብቶ ነበር?"

"ገበያ አይደል እንዴ፤ ያልገባ ማን አለ" አለ ጥሩነህ ከሱሪው ላይ ቀና ሳይል። "እኔም ክር ላመጣ አንዴ ዞር ብዬ ነበር።"

ወንዳፍራሽ ሌላ አልጠየቀም። በጨው ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ አመሸ። ጥሩነህን የመጠርጠር ሐሳብ በልቡ አላለፈም፤ በአንድ ትሪ የሚበላን ሰው መጠርጠር አላደገበትም። ጥሩነህ በበኩሉ ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። የመጣው ደስታ ግን አልነበረም፤ አንድ ሰው ዕቃ ጠፍቶበት ምን እንደጠፋበት ሲረሳ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንዳፍራሽ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ጥሩነህ ቤት መጣ። በሁለት እጁ ትሪ ይዟል፤ ትሪው ላይ እርጥብ ጋዜጣ ተዘርግቷል። ዓይኑ ቀልቷል፤ የሳቀ ይሁን ያለቀሰ አይለይም። ደብሪቱ ወንበር ብታቀርብለትም አልተቀመጠም።

"ጥሩነህ፣ ተረጋግተህ ስማኝ" አለ። "ቀዳዳውን ከኋላ በወረቀት ልድፈነው ብዬ ካርቶኑን ውኃ ውስጥ ነክሬ አላቀቅሁት። ሙጫው ሲለቅ የወረቀቱ ጀርባ ተገለጠ። ፎቶ አለበት። ና አንብበው።"

ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ አየ። በጋዜጣው ጀርባም የዚያው ድልድይ ወሬ ይቀጥላል። አንድ ሰው በተጠረበ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤ በእጁ መዶሻ ይዟል። ከሥሩ የተጻፈውን ጥሩነህ ጣቱን እያስኬደ አነበበው፦ "የድልድዩን ቅስት ከሠሩት ግንበኞች አንዱ ዘለቀ ወልደየስ።" ከዚያ ጣቱ ወደ ላይ ወጣ። እግሩ አለ፤ እጁ አለ፤ ደረቱ አለ። ከአንገቱ በላይ ስሙኒ የምታህል ክብ ቀዳዳ ነበረ፤ በቀዳዳው የትሪው አበባ ይታያል።

"የአያቴ ፊት የነበረበት ቦታና የአባትህ ፊት የነበረበት ቦታ አንድ ነው" አለ ወንዳፍራሽ። ድምፁ ተሰበረ። "እኔም ጥፋት አለብኝ። ያኔ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ገልብጬ ባየው ኖሮ ክረምቱን ሙሉ የፈለግኸው ሰው ከራስህ በላይ ተሰቅሎ አይከርምም ነበር። ያየሁት የራሴን ብቻ ነው። ይቅር በለኝ።"

ጥሩነህ ጣቱን ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ አላነሣም።

"የቆረጠው ሰው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ" አለ ወንዳፍራሽ። "ለእኔ ያሰበውን ላንተም አደረገው። ጠላታችን አንድ ነው፣ ወንድሜ። ምናልባት ቁራጩን ጥሎት ከሆነ ብዬ ገበያውን ስፈልግ አደርሁ። አንተም ጠይቅልኝ፤ አጥሩ ሥር ይሁን ቆሻሻ ላይ ይሁን፣ የትም ይሁን እናገኘዋለን።"

"አናገኘውም" አለ ጥሩነህ።

"ተስፋ አትቁረጥ እንጂ።"

"አናገኘውም፣ ወንዳፍራሽ። ተቃጥሏል። በእኔ ካውያ ውስጥ ነው የተቃጠለው።"

ደብሪቱ የያዘችውን ሰሃን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ወንዳፍራሽ ነገሩ ቶሎ አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ አልጮኸም። ወንዳፍራሽ ቢሰድበው፣ ቢመታው፣ ሽማግሌ ቢጠራበት ለጥሩነህ ይሻለው ነበር። ወንዳፍራሽ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በዝግታ ተናገረ።

"የአያቴ ፊት ጠፋ ብዬ ብዙ አዘንኩ። ግን እኔ አውቃቸዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ይታዩኛል፤ ሰውም ትመስላቸዋለህ ይለኛል፤ ስትሰማ ነበር። አንተ አባትህን ትመስል እንደሆነ የሚያውቀው ይህ ወረቀት ብቻ ነበር። አሁን ማንን ትጠይቃለህ?"

ወንዳፍራሽ ወረቀቱን ትቶለት ወጣ። በማግስቱ ጥሩነህ ወደ በረንዳው ሲሄድ የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጦ አገኘው። ወንዳፍራሽ ሰላምታ አልከለከለውም። ለቅሶም ሰርግም ይጠራዋል። ምሳ ግን ከዚያ ወዲህ አብረው በልተው አያውቁም።

ጥሩነህ ወረቀቱን አድርቆ፣ የአባቱን ገጽ ወደ ውጭ አድርጎ ቤቱ ሰቀለው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ቆሞ መዶሻውን የያዘውን እጅ ያያል። አውራ ጣቱ ወፍራምና ወደ ውጭ የታጠፈ ነው። ጥሩነህ የራሱን አውራ ጣት ያጠጋጋና "ይህ እንኳ የሱ ነው" ይላል። ከዚያ ቀና ሲል ነጭ ግድግዳ ያገኛል። እንግዳ መጥቶ "ፊቱን ምን በላው?" ሲለው መጀመሪያ "ብል በላው" ይል ነበር። ኋላ ግን የልጅ ልጆቹ ማደግ ሲጀምሩ እነሱም እንዲሁ ጠየቁት፤ ለእነሱ መዋሸት አልሆነለትም። "እኔ ነኝ የበላሁት" አላቸው። "የጎረቤቴን አያት ያጠፋሁ መስሎኝ አባቴን አጠፋሁ።"

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ቅናት ገልብጦ የማያይ መሆኑን ነው። የሚያቃጥለንን አንዱን ገጽ ብቻ ያሳየናል። ጎረቤታሞች ግን አብረን የኖርነው በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንደር፣ በአንድ ድልድይ ነው፤ የሱ ወገን መራቂ ሆኖ በቆመበት ቦታ የእኛ ወገን ድንጋይ ጠርቦ ነበር። የአንዱ ታሪክ ሲቀደድ የሌላው ሳይነካ አይቀርም። ወንዳፍራሽም ከዚህ የሚማረው አለው፤ ደስ ያለው ሰው የራሱን ብቻ አይቶ ከመስቀሉ በፊት ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ምን እንደጎደለው ቢያስብ ብዙ ነገር ይድናል። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ቤታችሁ ካለ ሳይረፍድ የሰዎቹን ስም ጠይቁና ከጀርባው ጻፉ፤ የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ አሉ፣ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለየራሳችን እንያዝ፦ የጎረቤቴ ደስታ ዓይኔን ሲያቃጥለው፣ ምላጬን ከኪሴ ከማውጣቴ በፊት ወረቀቱን ገልብጬ አይቻለሁ ወይ?